የዘፈን ግጥም በአፍ ይጻፋል፦ ከአንድ ሲኒ ተነሥቶ እስከ አዝማች

የዘፈን ግጥም ለመጻፍ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ለጊዜው ያስቀምጧቸው። የዘፈን ግጥም የሚሠራው ለጆሮ ነው፤ በአፍ እየተባለ፣ በጣት እየተቆጠረ፣ በትንፋሽ እየተለካ ይወጣል። ወረቀት የሚያስፈልገው ያለቀው እንዳይጠፋ ለመያዝ ብቻ ነው። እዚህ የማሳየው አካሄድ እኔ የምሠራበት፣ ለጀማሪዎችም የማስተምረው ነው። አንድ አጭር ዘፈን ከመጀመሪያው ቃል እስከ አዝማቹ አብረን እንሠራለን። ስንኞቹን ሲያገኙ በዓይን አያልፏቸው፤ ጮክ ብለው ይበሏቸው።

ምን እንደሚሠሩ ይወቁ

የጥንት ግሪኮች «ሊራ» በሚባል ባለ ክር መሣሪያ ታጅቦ የሚዜመውን ግጥም በመሣሪያው ስም ጠሩት። ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች «ሊሪክ» የሚባለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ሊራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ክራር የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ከድምፅ ሳጥናቸው ሁለት ክንድ አውጥተው፣ በክንዶቹ ጫፍ ላይ በተጋደመ እንጨት ክራቸውን ይወጥራሉ። ስለዚህ ወሎ ውስጥ ክራሩን ታቅፎ ትዝታ የሚያንጎራጉር ሰው የሊሪክን ትርጉም ከማንም መዝገበ ቃላት በተሻለ ያሳያል።

ተራኪ ግጥም ታሪክ ይነግራል፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ከዚያስ ምን ሆነ ይላል። የዘፈን ግጥም ግን አንድ ሰው በአንድ ሰዓት የተሰማውን ይዞ እዚያው ይቆማል። ታሪኩ ከኋላ ሊኖር ይችላል፤ የሚዘፈነው ግን ስሜቱ ነው።

መልኩ ብዙ ነው። ሙሾ በለቅሶ ቤት ይወጣል። ሽለላና ቀረርቶ የጦርና የጀግንነት ናቸው። እሽሩሩ ጀርባ ላይ ላለ ሕፃን ነው። የሠርግ ዘፈን አውራጅና ተቀባይ ይፈልጋል። እንጉርጉሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻን ነው። አንዱን ከሌላው የሚለየው ማን ለማን፣ የት ሆኖ እንደሚለው ነው። ከመጀመርዎ በፊት ይህን ይወስኑ። ለሠርግ የታሰበ ግጥም በእንጉርጉሮ ልሳን ከተጻፈ ሰው ሊያጨበጭብለት አይችልም። የእኛ ዘፈን እንጉርጉሮ ነው፤ ታናሽ እህት ከቤት ርቃ ለሄደች ታላቅ እህቷ ታንጎራጉራለች።

ስሜቱን ትተው ዕቃውን ይፈልጉ

አንዲት ወጣት ናፍቆት ላይ የተጻፈ ግጥም ይዛልኝ መጣች። ናፍቆት ገደለኝ፣ ልቤ ተሰበረ፣ እንባዬ ጎረፈ የሚሉ ስንኞች ነበሩበት። ናፍቆቷ እውነት ነበር፤ ቃላቱ ግን የማንም ነበሩ። «የት ቦታ ነው የሚሰማሽ?» አልኳት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ፣ ታላቅ እህቷ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ እናቷ ቡና ባፈላች ቁጥር የእህቷን ሲኒ ረከቦቱ ላይ ደፍታ እንደምታስቀምጥ፣ ማንም እንደማይነካው፣ ቡናው ሲያልቅም ከሌሎቹ ጋር ታጥቦ እንደሚነሣ ነገረችኝ።

ዘፈኑ ሲኒው ነው። ንጹሕ ሲኒ ታጥቦ የሚነሣበት ቤት ናፍቆት የሚል ቃል አያስፈልገውም።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ስሜቱን በስሙ ከመጥራት ይቆጠቡና ሦስት ነገር ራስዎን ይጠይቁ፦ ዓይኔ ምን አየ? ሰዓቱ ስንት ነበር? የሰው እጅ ምን ሲሠራ ነበር? መልሱን ለሰው እንደሚያወሩ አድርገው በስልክዎ ይቅረጹት። መልሰው ሲሰሙት አራት አምስት ቃል ከሌላው ጎልቶ ይወጣል። ከወጣቷ ቅጂ የወጡት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሲኒ፣ ፍም ነበሩ። እነዚህ ጥሬ ዕቃችን ናቸው።

ልኩን ይምረጡ

እዚህ «ሐረግ» የምለው ትንፋሽ እስከሚያርፍበት ያለውን ግማሽ መስመር፣ «ስንኝ» የምለው ሁለት ሐረግ የያዘውን ሙሉ መስመር፣ «ቤት» የምለው አብረው የሚሄዱ ሁለት ስንኞችን፣ «ቀለም» የምለው ደግሞ በአንድ ምት የሚባለውን የድምፅ ክፍል ነው። በአማርኛ ብዙ ልክ አለ፤ ለጀማሪ ግን ሦስቱ ይበቃሉ።

የወል ቤት ስድስት ቀለም ብሎ ያርፍና ስድስት ይደግማል፤ ስንኙ 12 ቀለም ይሆናል። ለትዝታና ለእንጉርጉሮ የሚመች፣ ረጋ ያለ ልክ ነው። ሰንጎ መገን አምስት ለአምስት ነው፤ ፈጠን ይላል። አንድ ምሳሌ ልበልበት፦

በቅሎዬ ደክማ፥ ገደል ላይ ቆማ፤
ማን ይነግርልኝ፥ ለዛች ከተማ።

ቡሄ በሉ አራት ለአራት ነው፤ ልጆች በቡሄ ሲዘፍኑ የሚሰማው ያ የሚዘልል ልክ ነው። ለአዝማች በጣም ይሆናል፤ ከወል ቤት ቀጥሎ ሲመጣ ጆሮን ያነቃል። ዘፈናችን ቤቱን በወል ቤት፣ አዝማቹን በቡሄ በሉ ይሠራል።

በጣት ይቁጠሩ፣ ፊደል ግን አይቁጠሩ

ጀማሪን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። የሚቆጠረው የተጻፈው ፊደል ሳይሆን ድምፁ ነው። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ አናባቢ አይሰማበትም፤ ከፊቱ ባለው ቀለም ላይ ይደገፋል። «መስኮት» አራት ፊደል ነው፤ ሲባል ግን ሁለት ቀለም ነው፦ መስ-ኮት። «ደብዳቤ» ሦስት ነው፦ ደብ-ዳ-ቤ። «ስንብት» ደግሞ በሳድስ ብቻ ተጽፎ ሦስት ቀለም ይወጣዋል፦ ስ-ንብ-ብት፤ ጠብቆ የሚነገረው «ብ» ለሁለት ይከፈላል። ብዕር ይህን አያሳይም፤ አፍ ያሳያል።

ሁለት አናባቢ ከተገናኙም አንዱ ይዋጣል። «ቆላ አንጀቴን» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ሲዜም «ቆላንጀቴን» ነው፤ አምስት መስሎ የታየው አራት ይሆናል። ይህን ምሳሌ ያስታውሱልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። በወጣትነቴ አንድ አዝማሪ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ትልቅ ሰው ከጥግ ተነሡና «ተቀበል!» አሉ። አዝማሪው የማሲንቆውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ሰጠ። «ጎጃም ላይ ተወልዶ፥ ጎንደር ላይ ያደገ ሰው» አሉት። አዝማሪው ደጋኑን ሳያቆም ተቀበለና «ጎጃም ላይ ተወልዶ፥ ጎንደር ላይ ያደገ» ብሎ መለሰላቸው። «ሰው» የምትለዋ ቃል ጠፋች። ማንም አላስተዋለም፤ ባለ ግጥሙም ራሳቸው እንደዚያ ያሉ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ያን ማታ ወደ ቤቴ የሄድኩት በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። ጎ-ጃም-ላይ-ተ-ወል-ዶ፣ ስድስት። ጎን-ደር-ላይ-ያ-ደ-ገ፣ ስድስት። «ሰው» ሰባተኛ ነበረች። አዝማሪው አልቆጠረም፤ የማሲንቆው ደጋን በሚዞርበት ቦታ ቃል እንደተረፈ እጁ ነገረው።

እርስዎ ማሲንቆ ከሌለዎት በመዳፍዎ ጉልበትዎን ይምቱ። በእያንዳንዱ ቀለም አንድ ምት። በስድስተኛው ላይ ይረፉ። ቃል ከተረፈ «ነው»፣ «ሰው»፣ «ያ» የመሰሉ ትንንሽ ቃላትን መጀመሪያ ይጠርጥሩ።

ከወጣቷ ጥሬ ዕቃ የወጣው የመጀመሪያ ቤት ይህ ነው፦

አቦሉ ተቀዳ፥ ቶናውም ተጠጣ፤
ሲኒዋ ተደፍቶ፥ እታለም ሳትመጣ።

አ-ቦ-ሉ-ተ-ቀድ-ዳ፤ ቶ-ና-ውም-ተ-ጠጥ-ጣ። ሲ-ኒ-ዋ-ተ-ደፍ-ቶ፤ እ-ታ-ለም-ሳት-መ-ጣ። «እህቴ» ያላልነው በምክንያት ነው። በቤታቸው ታላቋን የሚጠሯት «እታለም» ብለው ነው፤ ቃሉ ልኩን ከመሙላቱ በላይ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይነግረናል። የቤት መጠሪያ ከገጣሚ ቃል ይበልጣል።

ቤት ይምቱ

ቤት መምታት ማለት የስንኞቹ መጨረሻ ቀለም በተነባቢውም በአናባቢውም መግጠሙ ነው፤ ጣ ከጣ፣ ለ ከለ። መጨረሻው ሳድስ ከሆነ ግን ያ ብቻ አይበቃም፤ ከፊቱ ያለውም መግጠም አለበት። «አገር» እና «ነገር» ቤት ይመታሉ። «አገር» እና «ምድር» ሁለቱም በ«ር» ቢያልቁም ጆሮ አይቀበላቸውም።

ሁለተኛው ቤት መጀመሪያ እንዲህ ወጣ፦

በረካው ደረሰ፥ ጎረቤት ተነሣ፤
እናቴ ፍም ጫረች፥ ጀበናው ሳይነሣ።

ልኩ ሙሉ ነው፤ ቤቱም ይመታል። ችግሩ «ተነሣ» እና «ሳይነሣ» አንድ ግሥ መሆናቸው ነው። ጆሮ አዲስ ነገር ሲጠብቅ ያው ቃል ተመልሶ ይመጣበታል። ኅብረ ቃል ካልሆነ በቀር፣ ማለትም ቃሉ ሁለተኛ ሲመጣ ሌላ ትርጉም ካልያዘ፣ አንድን ቃል ከራሱ ጋር ቤት አታስመቱ። ወጣቷ ይህን ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጀባት፤ ይዛ የመጣችው ይህን ነበር፦

በረካው ደረሰ፥ ጎረቤት ተነሣ፤
እናቴ ፍም ጫረች፥ መንገዱን ሳትረሳ።

ሁለት ቀኑ አልባከነም። ቤት መፈለጉ «መንገድ» የሚል ቃል አመጣ፤ ከጀበናው ይልቅ በሩ ታየ። ቤት መምታትን እንደ እስር የሚያዩት ሰዎች ይህን አላዩም ብዬ አምናለሁ። ቤቱ ሲያስቸግር ግጥሙ ያልጠበቁትን ነገር ይሰጣል።

ዜማውን ከጎኑ ያስቀምጡ

ግጥሙ ሁለት ቤት እንደሞላ ማንጎራጎር ይጀምሩ፤ አልቆ እስኪወጣ አይጠብቁ። ባህላዊው ሙዚቃችን የሚመላለስባቸው አራት ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸውን ልብ ይሏል። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ለእኛ ዘፈን ትዝታን እንወስዳለን፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ካደረጓቸው ግማሽ ትዝታ ይሆናል፤ ይበልጥ ያጠቁራል። መጀመሪያ ሙሉውን ይሞክሩ። ሲኒው ራሱ በቂ ኀዘን ይዟል፤ ዜማውም አብሮ ካለቀሰ ይበዛበታል።

ዜማ ሲያወጡ ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛው፣ ረጅም የሚጎተት ድምፅ የት እንደሚያርፍ ነው። «ተጠጣ»፣ «ሳትመጣ»፣ «ተነሣ» በራብዕ ያልቃሉ፤ አፍ ተከፍቶ ይቀራል፤ ዘፋኝ እስከ ትንፋሹ መጨረሻ ሊስባቸው ይችላል። በ«ም» ወይም በ«ት» የሚያልቅ ቃል ግን ከንፈርን ወይም ጥርስን ይዘጋል። ከፍ ያለ ድምፅ ላይ «ልብም» ብሎ መጮኽ ለዘፋኝ ቅጣት ነው።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን ይህን አይጽፍም። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። ዜማው በጠባቂው ቃል ላይ ከተለጠጠ ትርጉሙ ይገለበጣል። ግጥሙን የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ ይህን የመጠበቅ ኃላፊነት የእርስዎ ነው።

አዝማቹን ይሥሩ

አዝማች ከሌላው ሁሉ ቀላል ቃል መያዝ አለበት፤ ዘፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሁለተኛው ላይ አብሮ እንዲለው። ሐሳብ አይጨምርም፤ ይጠራል፣ ይለምናል፣ ይማልዳል። የእኛው ይህ ነው፦

ነይ እታለም፥ ቡናው አለ፤
ፍሙም ግሞ፥ እንደዋለ።

ነይ-እ-ታ-ለም፣ አራት። ቡ-ናው-አል-ለ፣ አራት። እዚህ ላይ «አለ» መጥበቅ አለበት፤ ዘፋኙ ካላላው ቡናው አፍ አውጥቶ ሊናገር ነው። አዝማቹን ስናወጣ ቤቱ ውስጥ ያልነበረ አዲስ ዕቃ አልጨመርንም፤ ፍሙን ከእናትየው እጅ ተቀብለን ለእህትየው ነገርናት፤ ያ ይበቃል።

ወርቁን በመጨረሻ ይቅበሩ

ሰምና ወርቅ ጀማሪን ያጓጓል፤ ብዙዎችም በዚያ ይጀምራሉ። ምክሬ ተቃራኒው ነው። ኅብረ ቃሉ ከዘፈኑ ዕቃ ውስጥ መውጣት አለበት፤ ከውጭ ከመጣ ግጥሙ እንቆቅልሽ ሆኖ ይቀራል። እስካሁን የሰበሰብናቸውን ቃላት ይመልከቱ። ቡና አለ፤ ቡና ይቆላል። «ቆላ» ደግሞ ሞቃት አገርም ነው። እታለም የሄደችው ወደ በረሃ ነው። ቃሉ ራሱ እየጠራን ነበር፦

ማንንስ ልጠይቅ፥ አባቴን እናቴን፤
እታለም በረሃ፥ ሄደች ቆላ አንጀቴን።

ሰሙ፦ እታለም በረሃ ሄደች፣ ቆላ ወረደች፤ ተናጋሪዋም «ወይ አንጀቴን!» ትላለች። ወርቁ፦ እታለም ሄደች፤ መሄዷም አንጀቴን ቆላው። በሁለቱም ትርጉም «ቆላ» ይጠብቃል፤ ስለዚህ ጆሮ አንዱን ከሌላው በድምፅ አይለይም። ይህ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም። አንዱ ጠብቆ ሌላው የሚላላ ቃል በወረቀት ላይ ኅብር ቢመስልም ሲዘፈን ይጋለጣል፤ ከመጠቀምዎ በፊት ጮክ ብለው ይፈትኑት።

ይህን ቤት ሦስተኛ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። አድማጩ እስከዚያ ድረስ ፍም፣ ሲኒና አቦል ሰምቷል፤ «ቆላ» ሲመጣ መቁያውን ያሸታል። መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ አገሩን ብቻ ይሰማ ነበር።

ሙሉውን ገጥመው ይቁረጡ

አሁን ወረቀት ያንሡ። ሁለቱን ቤት፣ አዝማቹን፣ ሦስተኛውን ቤት፣ እንደገና አዝማቹን በተራ ይጻፉ። በሐረጎቹ መካከል ነጠላ ሠረዝ ያድርጉ። ከዚያ ግጥሙን ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያንጎራጉሩለትና የትኛው ቤት በጆሮው እንደቀረ ይጠይቁት። ያልቀረለትን ቤት ለመከላከል አይሞክሩ። የዚህች ወጣት ግጥም መጀመሪያ ሰባት ቤት ነበር፤ አራቱ ጥሩ ሆነው ሳለ ወጡ፤ የሲኒውን ነገር ያስረዱ ነበርና።

ለሌላ ሰው ከመስጠትዎ በፊት

የምጽፈው ከደረሰብኝ ነው። በጀማሪነቴ አንድ ግጥም በቃል ስምምነት ብቻ ሰጥቼ፣ ዘፈኑ ሲወጣ ስሜ አልነበረበትም፤ ማስረጃ ስጠየቅም የማሳየው አንድ ወረቀት አልነበረኝም። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥም ደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። መብት ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ግጥሙን ከነቀኑ ጽፈው ይፈርሙበት፤ ያንጎራጎሩበትን የመጀመሪያ ቅጂ አይሰርዙ፤ ስምዎ እንደሚጠቀስና ክፍያው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይስማሙ። ወንድሜ ነው፣ እህቴ ናት ብለው ይህን አይተዉ፤ ወንድማማችነትን የሚጠብቀው ጽሑፉ ነው።

ከዚያ ከዘፋኙ ጋር ይቀመጡና ትንፋሽ የሚወሰድባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ያስምሩ። የወል ቤቱ በስድስተኛው ቀለም ላይ ያስተነፍሳል፤ ይህ ችግር የለውም። ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው «ሄደች ቆላ አንጀቴን» ነው። ዘፋኙ «ሄደች ቆላ» ብሎ ካረፈ ሰሙ ብቻ ይወጣል። «ሄደች» ብሎ ካረፈ ወርቁ ተገልጦ ያልቃል፤ ለአድማጭም የሚፈታው ነገር አይቀርለትም። በመጀመሪያው ዙር ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ ይበለው። ሲደግመው፣ ያኔ ብቻ፣ «ሄደች» ላይ ትንሽ ይቁም።